ዝናቡ የገባበት ዘፈን

ቦምቤይ፣ ሜይ 6 ቀን 1949

ወንድሜ ሐሽማት፣

ከላሆር የጻፍከው ደረሰኝ። ፖስታው ተቀዶ እንደገና በሙጫ ተለጥፏል። ለቀደደው መርማሪ ሰውዬ ከዚሁ ሆኜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ አንተ ግጥም ጸሐፊ፣ እኔ ዜማ ደራሲ፣ ከፊልም ሌላ የምናወራው የለንምና በከንቱ አይድከም።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ቢልቂስ ደህና ናት። ሚስትህ ለምን እንደማትጽፍልህ ግን እኔን አትጠይቀኝ፤ እጇን ሥራ ይዞት ይሆናል። ቤቱ ደህና ነው። እሷም ደህና ናት። ሐሙስ ሐሙስ እንደ ድሮው ሃርሞኒየሜን ይዤ እናንተ ወጥ ቤት በር ላይ እቀመጣለሁ። እኛ ቤትማ ታውቀዋለህ፣ የፊልም ዜማ ከተሰማ የእናቴ አማልክት ፊታቸውን ያዞራሉ። ቢልቂስ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ዜማ አወጣለሁ። ደህና ናት አልኩህ።

ፊልማችን «የመጨረሻው ታንኳ» አልቋል ማለት ይቻላል። ኤዱልጂ በስቱዲዮው ግቢ ያስቆፈረው ወንዝ አረንጓዴ ሆኖ እንቁራሪት ፈልቶበታል፤ ዋናዋ ተዋናይት እግሬን አሳከከኝ ብላ ቀርታ ስንለምናት ሰነበትን። የቀረን የመጨረሻው ዘፈን ብቻ ነው፤ ባሏ በታንኳ ተሻግሮ የቀረባት ሴት በሯ ላይ ተቀምጣ የምትዘፍነው። ዜማው አለ፤ ቃሉ የለም። ኤዱልጂ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ነውና በየጠዋቱ «ባለቅኔህ የት ገባ? ላሆር የአክስቱ ሠርግ አለበት?» እያለ ይጮህብኛል። «እህቱን ፍለጋ ነው፤ አገር ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ከአምሪትሳር ወጥታ የጠፋችውን» ስለው ለአንድ ቀን ያፍራል። በማግስቱ ያው ነው።

እህትህን ኩልሱምን ካገኘሃት ጻፍልኝ። ካላገኘሃትም ጻፍ። የመመለሻ ወረቀትህ ኦገስት 31 ላይ እንደሚያበቃ ግን አደራ አትርሳ። ከዚያ ወዲያ ድንበሩ ላይ የሚያውቅህ ሰው የለም።

ወንድምህ ዋማን


ላሆር፣ ሜይ 24 ቀን 1949

ማስተር፣

በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ደህና ናት ብለሃል። አንዱ ይበቃኝ ነበር።

ቢልቂስ የማትጽፍልኝ እጇን ሥራ ይዞት አይደለም። ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱ ፈልጎ ያጣትን አንተ በግጥምህ ልታገኛት ነው? ከሄድክ ከእኔ አንዲት መስመር አትጠብቅ» ብላኛለች። እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። ሻንጣዬን አንሥቼ ሄድኩ። ይኸው አሁን ፖስተኛ ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዬ የምነሣው እኔ ነኝ።

አይ፣ አላገኘኋትም። በአንዱ መጠለያ ያለች ሴት «ልብስ ስትሰፋ አይቻታለሁ» ስላለችኝ የሰፊዎቹን ሰፈር በር በበር እያንኳኳሁ ነው። ስሟን ስጠራ ሌላ ኩልሱም ሮጣ ትወጣለች። የእሷ ወንድም አለመሆኔን ስታይ ፊቷ የሚሆነውን ልጽፍልህ አልችልም።

ዘፈኑን አልረሳሁትም። ኖታ ብትልክልኝ አላነብም፤ ስለዚህ እንደ ልማድህ ዜማውን በማስያዣ ቃል ሞልተህ ላክልኝ። ትርጉም አያስፈልገውም፣ ልኩን ብቻ ልየው፤ ልብሱን እኔ እሰፋለታለሁ። ባለፈው ፊልም የወተት ሻጩን ጭቅጭቅ ሞልተህበት አምጥተህልኝ፣ የፍቅር ዘፈን አድርጌው አገር አላለቀሰበትም? ቤት ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ጻፍ። የቤት ወሬ ናፍቆኛል።

ሳል ትንሽ ይዞኛል። ለእሷ እንዳትነግር።

ሐሽማት


ቦምቤይ፣ ጁን 20 ቀን 1949

ባለቅኔው፣

ዝናቡ ገባ። ከተማው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ ነው የሚሄደው።

ማስያዣ ቃል ጠይቀህ የለ? ባለፈው ሐሙስ ወጥ ቤት የተባለውን እንዳለ በዜማው ውስጥ ወተፍኩት። ቢልቂስ ለሠራተኛዋ ስትናገር ነው። እኔ ልኩ ስለገጠመልኝ ብቻ ያዝኩት፤ አንተ ቃሉን ጣለውና ልኩን ያዝ፦

በሩን አትዝጉት፣ ዝናቡ ይግባ፤
ወለሉም ይራስ፣ ምንስ ቸገረኝ።
ሁለት ሳህን ነው፣ ሁልጊዜ ማታ፤
አንዱን አታንሱት፣ ይቆይ በቦታው።

በሩ ክፍት የሚሆነው ለሙቀቱ ነው።

ኤዱልጂ ፀጉሩን በዘይት ያስተኛ ሌላ ባለቅኔ አምጥቶ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦታል። ሰውዬው በየስንኙ ጨረቃ ካላስገባ እንቅልፍ አይወስደውም። «ዝናብ ነው እኮ፣ ደመና ነው፣ ጨረቃው ከየት ይመጣል?» ስለው «ከደመናው ጀርባ» አለኝ። ኤዱልጂ እስከ ጁላይ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብሏል። ከዚያ ፊልሙን በጨረቃ ይሞላብናል።

የሳሉን ነገር አልነገርኳትም። «ምን አለ?» ስትለኝ «ሰላም ብሏል» አልኳት። «ሳል ይዞታል ማለት ነው» አለች። ምን ላድርግ?

ዋማን


ላሆር፣ ጁላይ 6 ቀን 1949

ማስተር፣

የምጽፍልህ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የት እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ።

አንተ ሞኝ! ይህን ልከህ ነው ቃሉን ጣለው የምትለኝ? «ምንስ ቸገረኝ» ማለት ለቢልቂስ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ባታውቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ክፉኛ ሲቸግራት የምትለው ይህንን ነው። ሁለት ሳህን ታቀርባለች? በየማታው? አንዲት መስመር አትጠብቅ ያለችኝ ሴት ሳታውቀው አራት መስመር ጻፈችልኝ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው ሞተብህ?» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ ይቅር ተባልኩ» አልኳቸው።

ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። አንዱን ቃል አውጥቼ የተሻለ ስከትበት ሌላው ይፈርስብኛል። ቤት እንኳ አይመታም፤ አይምታ። እንዳለ ይዘፈን። ባለ ጨረቃው ባለቅኔም ይሂድ።

አንድ ነገር ብቻ። ግጥም በሐሽማት ተብሎ እንዳይጻፍ። የእኔ አይደለም፣ አልዋሽም።

ሐሽማት


ቦምቤይ፣ ጁላይ 25 ቀን 1949

ሐሽማት፣

ደስታህን ባላበላሸው እወድ ነበር። ግን በዚህ ደስታ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ከቆየህ ሁላችንም ጉድ ሆንን።

ባለፈው ወር አዲስ ሕግ ወጥቷል። ባለቤቱ ፓኪስታን ገብቶ የቀረ ቤት እንደተተወ ተቆጥሮ ይወሰዳል። ቤት የሚወርሰው ሹም በማንኛውም ሰዓት ሳይናገር ይመጣል፤ ተዘግቶ ያገኘውን በቀይ ሰም አሽጎት ይሄዳል። ከእናንተ በታች ያለው የሐኪሙ ቤት እንዲህ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ቢልቂስ ከጠዋት እስከ ማታ በሯን አትዘጋም፤ ዝናቡ እስከ ምንጣፉ ይገባል። ጫማህ ደጃፉ ላይ አለ። ማንም ያልለበሰውን ሸሚዝህን አጥባ ታሰጣዋለች። ሁለቱ ሳህንም ገብቶ ለሚያይ ሹም ነው። «ለእሱ መሰለህ? ለመንግሥት ነው!» ትለኛለች።

ይሁን። ለመንግሥት ነው። ግን በመንግሥቱ ሳህን ላይ የበግ እግር መረቅ ለምን እንደምታወጣበት ስጠይቃት ተቆጣች። ሹሙ የበግ እግር እንደሚወድ ማን ነገራት?

ሹሙ ሁለቴ መጥቶ ነበር። ኤዱልጂ ቢሮው ድረስ ሄዶ «ሰውዬው የእኔ ባለቅኔ ነው፤ ለፊልሜ ግጥም እየጻፈልኝ ነው፤ ይመለሳል» ብሎ ፈርሞለታል። ቤቱን እስካሁን ያቆየው ይህ ቃል ነው። አሁን አንተ ግጥሙ የእኔ አይደለም ካልክ ኤዱልጂ ውሸታም ሆነ፣ ቤቱም ሄደ። ስለዚህ ኩራትህን ዋጥ አድርገውና ስምህ ይጻፍ።

ቀረጻው ኦገስት 11 ነው። አግዳሚ ወንበርህን ተውና ና። እህትህ ካልተገኘች ኋላም ትፈለጋለች። ይህን ስጽፍ እጄ ደስ ብሎት አይደለም።

ዋማን


ላሆር፣ ኦገስት 5 ቀን 1949

ማስተር፣

እሺ፣ ስሜ ይጻፍ።

አግዳሚው የሆስፒታል ነው። ኩልሱምን በጁን መጨረሻ አገኘኋት። ለምን እንዳልጻፍኩልህ ልንገርህ፤ አገኘኋት ብዬ ጽፌ በማግስቱ ሞተች ብዬ መጻፍን ፈርቼ ነው። የአንጀት ተስቦ ነው ያሉት። ክብደቷ የልጅ ክብደት ሆኗል። ሁለት ዓመት የት እንደነበረች አልጠየቅኳትም፤ እሷም አትነግረኝም። ስተኛ እጅጌዬን ይዛ ነው የምትተኛው፤ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ አለብኝ።

ወረቀቱ በእኔ ስም ብቻ ነው። ለእሷ ፈቃድ ልለምን ሄጄ የተባልኩትን አልጽፍልህም፤ ይህን ፖስታ የሚቀደው ሰውዬ ይቀየመኛል።

ብቻህን ና ብትለኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ጣቶቿን ነው ማላቀቅ ያቃተኝ።

ለቢልቂስ ንገራት። አይ፣ አትንገራት። ወይም የመሰለህን አድርግ። የቀረጻውን ነገር ግን ምንም ሳታስቀር ጻፍልኝ፤ ማን ምን አለ፣ ማን የት ቆመ፣ ሁሉንም።

ሐሽማት


ቦምቤይ፣ ኦገስት 20 ቀን 1949

ባለቅኔው፣

ሁሉንም ብለሃልና ሁሉንም ስማ።

ስለ ኩልሱም ለቢልቂስ ነገርኳት። «ሾርባ ይስጧት፤ ወተት እንዳይሰጧት» አለች። ከዚያ «ዘፈኑን መስማት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ማስያዣው የእሷ ወሬ መሆኑን ያኔም አልነገርኳትም። ኤዱልጂ መኪናውን ሰደደላት።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ታውቃለህ። ዘፋኟ ሱሺላ ማይክሮፎኑ እንዲደርስላት ሳጥን ላይ ቆማለች፣ ቫዮሊኖቹ ከኋላ፣ ዋሽንቱ ከጎን። ልንጀምር ስንል ዝናቡ ወረደ። ቆምን። ጀመርን፤ እንደገና ወረደ። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን ወርውሮ «ገበያ መሀል ቅረጹ!» ብሎ ተቀመጠ። ኤዱልጂ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ሰደበ፤ ሰማዩ መልሶ አራሰው።

ያኔ ከጥግ «ታዲያ በሩን ክፈቱትና ይግባ እንጂ! ዘፈኑ ስለ ዝናብ አይደል እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሁላችንም ዞርን። ኤዱልጂ ውሃ እየተንጠባጠበ «ይቺ ማናት?» አለ። «የባለቅኔው ሚስት ናት» አልኩት። ሄዶ ሁለቱንም በሮች በገዛ እጁ ወለል አድርጎ ከፈታቸው። ቀራጩ «እብዶች!» እያለ ማዳመጫውን አነሣ።

ሐሽማት ሙት፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አልቀረጽኩም። ዝናቡ ከዋሽንቱ ቀድሞ ይገባል። ሱሺላ «ይቆይ በቦታው» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ እንድገም ስትል ኤዱልጂ «ማንም እንዳይነካው» አለ። ቢልቂስ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አፏን ይዛ ነበር። ሲያልቅ ወደ እኔ መጥታ «ይኸ የእኔ ወሬ አይደል? ሌቦች! ወጥ ቤቴን ለአገር አወጣችሁት!» ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከዚያ ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደጅ ስትወጣም ዝናቡ ላይ ቆማ እየሳቀች ነበር።

ከእንግዲህ ደብዳቤህን እንደ እስካሁኑ በእናንተ ቤት ሳይሆን በእናቴ ቤት አድራሻ ላከው። ለፖስተኛው ይቀለዋል።

ዋማን


ላሆር፣ ኦገስት 29 ቀን 1949

ዋማን፣

ለምንድነው በእናትህ ቤት? የእኛ ፖስተኛ አሥር ዓመት ሙሉ ያን ደረጃ ሲወጣ ከብዶት አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ቢልቂስ ስቱዲዮ በነበረችበት ሰዓት ቤት የነበረው ማን ነው?

ኩልሱም ትናንት በእግሯ ቆማ ነበር። ዛሬ ትኩሳቱ ተመልሷል። የከነገ ወዲያው ባቡር ጠዋት ነው። ሻንጣዬ አልጋዋ ሥር ነው፣ እሷም አይታዋለች።

ሐሽማት


ቦምቤይ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1949

ወንድሜ፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ ሳልከፍተው ነገረኝ። ማኅተሙ ላሆር፣ ሴፕቴምበር 3 ይላል። አልመጣህም ማለት ነው። ለመቆጣት ዝግጁ ነበርኩ፤ ስከፍተው «ትኩሳቱ ወረደ፣ ተርፋለች» የሚለውን አነበብኩና መቆጣቱ ጠፋብኝ።

ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው። ማንም አልነበረም። ሠራተኛዋ እህቷ ጋ ሄዳለች፤ የኤዱልጂ ሾፌር ጥሩምባውን እየነፋ አጣደፋት፤ ቢልቂስም ማንኛዋም ሴት ከቤቷ ስትወጣ እንደምታደርገው በሩን ቆለፈችና ወረደች። ያን ሁሉ ወር ክፍት የኖረ በር! እኛ አዳራሽ ውስጥ በሩን ክፈቱት ስንባባል ሹሙ ደረጃውን እየወጣ ነበር። ስንመለስ ሰሙ ገና አልደረቀም። ጣቷን አስነካችው፤ ጣቷ ቀላ።

ኤዱልጂ የግጥም ውልህን ይዞ ሹሙ ዘንድ ሄዶ ጠረጴዛ ደበደበ። «ለአንድ ከሰዓት በኋላ እኮ ነው የተዘጋው! የእኔን ፊልም ልትሰማ!» አለ። ሰውዬው «ተዘግቶ ነው ያገኘሁት» አለ። ጫማህም ሸሚዝህም ሳህኖቹም ውስጥ ናቸው።

አዎ፣ ቢልቂስ እናቴ ቤት ናት። የት ላድርጋት? በረንዳውን ለቅቃላታለች። ሙስሊም ናትና ሳህኗንና ብርጭቆዋን ለይታ ሰጥታታለች፤ ቢልቂስ ባለፈች ቁጥር ደፉን በውሃ ታጥባለች። እኔ ነኝ በሁለቱ መሀል የማፍረው።

ከታች አንድ ነገር ልጽፍ ብላ ብዕሩን ቀማችኝ።

ዋማን

ሐሽማት፦ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማስተር ላይ እንዳትቆጣ። ቁልፉን ይዤዋለሁ። ኩልሱም ምግብ ትበላለች? ቢልቂስ


ቦምቤይ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1949

ወንድሜ ሐሽማት፣

ቴሌግራሜ ደርሶህ ካራቺ ወደብ ላይ ቆመህ ከሆነ፣ ይህን ስታነብ ቢልቂስ አጠገብህ ናት። የቀረውን እሷ ትንገርህ፤ እኔ እሷ የማትነግርህን ልጻፍልህ።

«ላሆር ትመጪያለሽ?» ያልከውን ጥያቄህን ሳነብላት አንገቷን ደፍታ ነበር። «ላሆር ይዞ መኖር የሚፈልገው እህቱን ነው ወይስ እኔን?» አለች። «ሁለታችሁንም» አልኳት። «እንግዲያው ሳህኑ ሦስት ነው፤ ሦስተኛውን ይግዛ በለው» አለችኝ። በዚህ ተጨረሰ።

ፊልሙን ሳታይ አልሄደችም። በመክፈቻው ቀን ዘፈኑ ሲጀምር ተመልካቹ ጣሪያው የሚያፈስ መስሎት ቀና ቀና አለ፤ ከፊቴ ያለ ሰው ጃንጥላውን ፈለገ። ከዚያ ገባቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከደስታ ብዛት ሳንቲም በሸራው ላይ መወርወር ጀመሩ፤ ኤዱልጂ ጨለማው ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መጀመሪያ ላይ «ግጥም፦ ሐሽማት» የሚል ይወጣል፤ ስምህ ይቅር ያሉት ብዙ ነበሩ፤ ኤዱልጂ «ቤቱን ወሰዱበት፣ ስሙን ግን እኔ ቤት ማንም አያሽግም» ብሎ አስጽፎታል። ቢልቂስ ስምህን ስታይ «ሌባ» አለች፣ ጮክ ብላ። እያለቀሰች ነበር።

እዚህ ቦምቤይ ወደቡ ላይ ጸሐፊው «መመለሻ ወረቀት ትፈልጊያለሽ?» አላት። እኔ አዎ በዪ ብዬ እጇን ጫን አደረግኩት። «አልፈልግም» አለች። ሻንጣዋ አንድ ነው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳት፣ አንተም አትጠይቃት።

እናቴ ስንብት ላይ አልወጣችም። ጸሎት ላይ ነኝ አለች። ተቀየምኳት።

ከወደብ ተመልሼ በረንዳውን ላስተካክል ስሄድ የቢልቂስ ሳህን የለም። ፈለግኩት። ወጥ ቤት ውስጥ፣ እናቴ ከራሷ ሳህን አጠገብ አስቀምጣዋለች፤ ታጥቧል። ያ ወጥ ቤት ያንተ ወገን ጥላ እንኳ ያልረገጠው ነው።

«እማ፣ ሄዳለች እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ላንሳው?»

ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች «አታንሣው» አለች። «ይቆይ በቦታው።»

ፊልም የሚባል አይታ አታውቅም፣ ወደፊትም አታይም። በሩን ልዘጋ ተነሣሁና ተውኩት።

ዋማን